የእቴቴ ሁለት ጥያቄዎች

እስቲ ወደ መጋቢት 2013 ዓ.ም. ልመልሳችሁ። ከቤት ስንወጣ ከቁልፍና ከስልክ ጋር ጭምብል የምናነሣበት፣ በየሱቁ በር እጃችንን ሳኒታይዘር የምናስነካበት፣ ለቅሶ ቤት ሄደን በሩቁ "እግዜር ያጽናችሁ" ብለን የምንመለስበት ጊዜ ነበር። በዚያው ወር የኮሮና ክትባት በአገራችን መሰጠት ጀመረ። በብዙዎቻችን ቤት ስለ ክትባቱ ክርክር የተነሣው ቡና ላይ ነው።

እኛ ቤት ያነሣችው አክስቴ ናት። ሁላችንም እቴቴ እንላታለን። ያን ጊዜ 69 ዓመቷ ነበር፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ተራው ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሲደርስ "እቴቴ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ላድርስሽ" አልኳት። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ ትክ ብላ አየችኝ።

"አንተ ልጅ፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ክትባትን የሚያህል ነገር እንዴት በአንድ ዓመት ይሠራል?" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እሺ፣ ደግ ነገር ከሆነስ ፈረንጆቹ ተከትበው ከጠገቡ በኋላ ለምን ለእኛ መጣ?" ብላ ጨመረች።

እኔ ምን ብዬ የመለስኩ ይመስላችኋል? "እቴቴ ደግሞ! ዶክተሮቹ ያውቃሉ፤ ዝም ብለሽ ተከተቢ።"

አልተከተበችም። በሰሞነ ሕማማት ታመመች። አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ቆየች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ዛሬም ግን የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

ብትከተብ ኖሮ አትታመምም ነበር ልላችሁ አልችልም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንድ ዶዝ ሁሉን ነገር አይከላከልም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎቿ ተገቢ ነበሩ፤ ሁለቱም መልስ ነበራቸው። እኔ መልሱን ከመፈለግ ይልቅ መቆጣቱ ቀለለኝ። ምናልባት እናንተም ለእናታችሁ፣ ለአማታችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ እንደ እኔው መልሳችሁ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለዚያ ዕዳ መክፈያ ላድርገው።

እንዴት በአንድ ዓመት?

በመጀመሪያ እቴቴ የጠረጠረችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከኮሮና በፊት በፍጥነቱ የሚጠቀሰው የጆሮ ደግፍ ክትባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሞሪስ ሂልማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ትንሽ ልጁ ጄሪል ሊን በጆሮ ደግፍ ስትታመምበት ከጉሮሮዋ ናሙና ወሰደ፤ ከዚያም ናሙና ክትባት ሠራ። ክትባቱ ፈቃድ ያገኘው በ1967 ነው። አራት ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ ያም በጊዜው እንደ ተአምር ተቆጥሯል። ታዲያ አራቱ ዓመት እንዴት አንድ ዓመት ሆነ? ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው፣ ሥራው ከዜሮ አለመጀመሩ ነው። ካታሊን ካሪኮ የምትባል ሃንጋሪያዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ወደ አሜሪካ ስትሰደድ፣ መኪናቸውን ሸጠው ያገኙትን ገንዘብ በልጅቷ የድብ አሻንጉሊት ውስጥ ደብቃ ነበር የተጓዘችው። ኤም.አር.ኤን.ኤ. የተባለውን፣ ለሰውነታችን ሴሎች የሥራ ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ለሕክምና ለማዋል ብዙ ዓመት ደከመች። የምርምር ገንዘብ በተደጋጋሚ ተከለከለች፤ ከሥራ ደረጃዋም ዝቅ ተደረገች። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረባዋ ከድሩ ዋይስማን ጋር ሆና ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ እንዳይቆጣ የሚያደርግ ዘዴ አገኘች። የፋይዘርና የሞደርና ክትባቶች የቆሙት በዚህ ግኝት ላይ ነው፤ ሁለቱም ተመራማሪዎች በ2023 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። መጀመሪያ ወደ እኛ የመጣው የአስትራዜኔካ ክትባትም ቢሆን ሠሪዎቹ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል መርስ ለተባለው የኮሮና ቫይረስ ዘመድ ሲሞክሩት በነበረው መንገድ የተሠራ ነው። እቴቴ "የአንድ ዓመት" ያለችው ክትባት ከኋላው የብዙ ዓመት ድካም ነበረበት።

ሁለተኛው፣ በየተራ ይሠራ የነበረው ጎን ለጎን መሠራቱ ነው። ለእቴቴ በሠርግ ምሳሌ ባስረዳት ኖሮ ወዲያው ይገባት ነበር። በወጉ ሽማግሌ ይላካል፤ መልስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ቀን ይቆረጣል፤ ከዚያ ጌሾ ይገዛል፤ በመጨረሻ ድንኳን ይተከላል። በወረርሽኙ ጊዜ ግን ሽማግሌው ገና መንገድ ላይ እያለ ጠላው ተጠመቀ፤ ድንኳኑም ተተከለ። ሙከራው ሳያልቅ ፋብሪካዎች ክትባቱን በሚሊዮን ብልቃጥ ማምረት ጀመሩ። ሙከራው ባይሳካ ሁሉም ይደፋ ነበር፤ ኪሳራውን ለመሸከም መንግሥታት ቀድመው ገንዘብ አቀረቡ። ለኪሳራ የተጋለጠው ገንዘብ ነው እንጂ የሙከራው ደረጃ አልተዘለለም።

ጊዜውን ደግሞ ተመልከቱት። የቻይና ሳይንቲስቶች የቫይረሱን የዘር ቅደም ተከተል ለዓለም ይፋ ያደረጉት በጥር 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ብቻ ቆይቶ አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ የመጀመሪያዋ በጎ ፈቃደኛ የሙከራ ክትባት ተወጋች።

ሦስተኛው ምክንያት የሚያሳዝን ነው፤ በሽታው ራሱ በየቦታው መሆኑ። ክትባት መሥራቱ የሚታወቀው ከተከተቡትና ካልተከተቡት የትኞቹ እንደታመሙ በማወዳደር ነው። በሽታው ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ ከሆነ ያንን ለማየት ዓመታት ይፈጃል። ኮሮና ግን ያን ጊዜ በየቤቱ ነበር። በፋይዘር ሙከራ ወደ 44 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተሳትፈው ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ክትባት ያልሆነ መርፌ ተወጉ። ማን የትኛውን እንደተወጋ ተሳታፊዎቹ አያውቁም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ በሽታውን የመከላከል አቅሙ 95 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

እውነቱን ሁሉ መናገር ካለብን ደግሞ ይህም አለ። የአስትራዜኔካ ክትባት ለሚሊዮኖች ከተሰጠ በኋላ እጅግ በጥቂት ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት እንደሚያስከትል ታወቀ። በአሥር ሺዎች ሙከራ ሊታይ የማይችል ነገር በሚሊዮኖች ላይ ታየ። ጉዳዩ ይፋ ተደረገ፤ አንዳንድ አገሮችም ክትባቱን ለወጣቶች መስጠት አቆሙ። ችግር እንደሌለ የሚምል ሰው ሳይሆን ችግሩን አግኝቶ የሚናገር አሠራር ነው የሚታመነው። እቴቴ ይህንን ጭምር መስማት ይገባት ነበር።

ለምን ለእኛ ዘገየ?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከላብራቶሪ ወጥቶ ገበያ ይገባል።

እንግሊዝ ውስጥ አንዲት የ90 ዓመት አዛውንት ከሙከራ ውጭ የመጀመሪያዋ የፋይዘር ተከታቢ የሆኑት ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ የመጀመሪያው ጭነት፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ክትባት፣ ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ የጤና ባለሙያዎች በኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል የተከተቡት መጋቢት 4 ቀን፣ በሽታው አገራችን መግባቱ በታወቀ ልክ በዓመቱ ነበር። በመካከሉ 95 ቀን አለ።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ምን ሆነ? በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም አንድ ቁጥር ተናገሩ። እስከዚያ ቀን ቢያንስ በ49 የተሻለ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰጥቷል። እጅግ ደሃ ከሚባሉት አገሮች በአንዱ የተሰጠው ደግሞ 25 ነው። 25 ሚሊዮን አይደለም፤ 25 ሺህም አይደለም፤ 25 ዶዝ ብቻ።

ይህ እንዳይሆን ታስቦ የተቋቋመ ነገር ነበር፤ ኮቫክስ ይባላል። ሐሳቡን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። አገሮች ሁሉ በአንድነት ያዋጣሉ፤ ክትባቱ በአንድነት ይገዛል፤ ከዚያ በየአገሩ ሕዝብ ልክ ይከፋፈላል፤ አቅም የሌለውም ድርሻውን አያጣም። ነገር ግን የእድሩ ሀብታሞች መዋጮውን ከከፈሉ በኋላ ዞር ብለው ከፋብሪካው ጋር ለብቻቸው ተዋዋሉ። አንዳንዶቹ ሕዝባቸውን ደጋግሞ ለመከተብ የሚበቃ አዘዙ። እድሩ ገንዘቡን ይዞ ገበያ ሲወጣ ድንኳኑ ሁሉ ቀብድ ተከፍሎበት ነበር።

ሌላም ችግር ተደረበ። ኮቫክስ አብዝቶ የተማመነው በሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ላይ ነበር። ወደ እኛ የመጣው የመጀመሪያው ጭነትም የዚያው ፋብሪካ ውጤት ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሕንድ በከባድ ማዕበል ስትመታ ክትባቱን ለራሷ ሕዝብ አስቀረች፤ ለኮቫክስ መላክ እንደገና የጀመረችው ኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። እናት ቤቷ እየተቃጠለ ለጎረቤት ውኃ አትሰጥም፤ አይፈረድባትም። የዓለም ግማሽ በአንድ ጉድጓድ ውኃ ላይ ተማምኖ መቀመጡ ግን ትልቅ ስሕተት ነበር። ኮቫክስ እ.ኤ.አ. እስከ 2021 መጨረሻ 2 ቢሊዮን ዶዝ ለማድረስ አቅዶ ነበር፤ አንድ ቢሊዮንኛውን ያደረሰው በጥር 2022 ነው።

አፍሪካ ውስጥ ፋብሪካ ቢኖር ኖሮስ? የሚበቃ አልነበረም። አህጉራችን ከምትጠቀምባቸው 100 ክትባቶች 99ኙን የምታገኘው ከውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሚገኝ ፋብሪካ ብልቃጥ ውስጥ የተሞላ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት፣ አፍሪካውያን ወረፋ እየጠበቁ፣ ወደ አውሮፓ ይጫን ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ቁጣ ተነሥቶ ቆመ። ፋብሪካው አገር ውስጥ ቢኖርም ውሉ የሌላ ከሆነ ወረፋው እንደማያጥር ያን ጊዜ አየን።

መዘግየቱ ሌላ ነገር ወሰደብን

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለወቀሳ ብቻ አይደለም። መዘግየቱ ከጊዜ ሌላ እምነትንም ወስዶብናል።

ሰው የሚያስፈልገው ነገር ሲዘገይ ባዶውን ጊዜ ወሬ ይሞላዋል። ክትባቱ እስኪመጣ በጠበቅናቸው ወራት "መካን ያደርጋል"፣ "ቺፕ አለው"፣ "አፍሪካን ለመጨረስ ነው" የሚለው ሁሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። መልሱ ከብልቃጡ ጋር ዘግይቶ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ።

ሀብታሞቹ አገሮች በኋላ መለገስ ሲጀምሩ ደግሞ ብዙው የመጣው የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ያንን በየገጠሩ ለማድረስ ማቀዝቀዣው፣ መኪናውና ባለሙያው በአንድ ጀንበር አይገኝም። ማላዊ ጊዜው ያለፈበትን ወደ 20 ሺህ ዶዝ የሚጠጋ አቃጠለች፤ ናይጄሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስወገደች። ባለሥልጣናቱ ይህን በአደባባይ ያደረጉት ጊዜ ያለፈበት ክትባት ለማንም እንደማይሰጥ ሕዝቡ በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ነበር። የሚጠራጠር ሰው ግን "ትርፍራፊያቸውን ነው የሚልኩልን" የሚል ማስረጃ አገኘበት።

እቴቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎቿ ለካ አንድ ነበሩ። "ለምን ዘገየ?" ለሚለው የሚያስከፋውን እውነት በግልጽ ያልነገራት ሰው፣ "እንዴት ፈጠነ?" ለሚለው ደስ የሚያሰኘውን እውነት ቢነግራት አታምነውም። ወረፋው ፍትሐዊ እንዳልነበረ ብናምንላት ኖሮ ክትባቱ ደህና መሆኑን ለመስማት ጆሮዋ ይከፈት ነበር።

በነገራችን ላይ 95 ቀን ትልቅ መስሎ ቢታየንም ከለመድነው ወረፋ ጋር ሲተያይ አጭር ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እኛ አገር በመላ አገሪቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። 12 ዓመት ማለት ነው። ያን ጊዜ ማንም አልጮኸም። የኮሮናው ወረፋ ያስጮኸን መላው ዓለም በአንድ ቀን ሲሰለፍ ስላየነው ነው።

ተስፋም አለ። ኬፕታውን ላይ አፍሪካውያን የኤም.አር.ኤን.ኤ. ክትባት መሥራት የሚማሩበት ማዕከል ተቋቁሟል፤ የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2040 አህጉሪቱ ከሚያስፈልጓት ክትባቶች 60 በመቶውን ራሷ እንድታመርት አቅዷል። ማድረሱንም ቢሆን የማናውቀው ነገር አይደለም። ፈንጣጣን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ ከመጨረሻዎቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ክትባት ሰጪዎች በእግርና በበቅሎ ተራራ ለተራራ ዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ ተመዘገበ። ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ያላቸው ወላጆች ካሏችሁ እስቲ ታሪኩን ጠይቋቸው።

ዛሬ በእጃችን ያለው

የፋብሪካው ግንባታ በእኔና በእናንተ እጅ አይደለም። በእጃችን ያለው የቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም በኮሮና ተጠምዳ ሳለች 25 ሚሊዮን ሕፃናት የመደበኛ ክትባታቸውን ሳይወስዱ ወይም ሳይጨርሱ ቀርተዋል። ኩፍኝ እንዲህ ያለውን ክፍተት አይምርም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ከመሳቢያው አውጡና እዩት። ሲወለዱ የሚሰጠው አለ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡ አሉ፤ የኩፍኙ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የ15 ወሩ ነው፤ ልጁ መሮጥ ጀምሯል፣ ወላጅም ሥራ ተመልሷል። ያለፈ ካለ አትፈሩ፣ አትፈሩም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ ያለበት ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አትቆጡት። ጥያቄው ክትባት ጠላትነት አይደለም። የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን ይዛችሁት የጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ጥፋት ካለም ጥፋቱን እመኑለት።

እቴቴን በመጨረሻ ያሳመናት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ዘመቻ ሰፈራችን ድንኳን ተተክሎ ነበር። አንዲት ወጣት ነርስ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና "እማማ፣ ምንድን ነው ያስፈራዎት?" አለቻት። እቴቴ ሁለቱን ጥያቄዎች አቀረበች። ነርሷ ሳትቸኩል መለሰችላት፤ ስለ ወረፋው ስትጠየቅም "እውነትዎን ነው፣ ልክ አልነበረም" አለቻት። እቴቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ አደረገች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ባለፈው ወር ልጄ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ክትባት የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች። እቴቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና ቀና አለች። "ይሄኛውስ ምንድን ነው? ለዚህች ለአንድ ፍሬ ልጅ ለምን አስፈለገ?" አለችኝ።

በዚህ ጊዜ "ዝም ብለሽ" አላልኩም። ስልኬን አስቀመጥኩ፤ ቡናው እስኪፈላ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።